ከጥቁር ሻሽ የተሰፋ ኮፍያ

ታደሰ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው የብርድ ወራት እየወጣ ነው። ቦናመስ ሰፈር ያለው ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ይቆማል፤ ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሰናይት ነው። ልጃችን ባለፈው ሐሙስ የሙያ ፈተናዋን አልፋለች። ከእንግዲህ የተመሰከረላት የብረት ሠራተኛ ናት።

ይህን ለመስማት እንዴት ትጓጓ እንደነበር አውቃለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስትጭን ኖረህ፣ ሠራተኛ በተቀነሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው ያልሠለጠነው እንደሆነ በራስህ አይተኸዋል። አውስቢልዱንጓን፣ የሙያ ሥልጠናዋን፣ የጀመረች ዕለት ጉትሎይት ሰፈር እስካለው ወርክሾፕ ድረስ ሸኝተሃት፣ ማታ ስትመለስ ጃኬቷን አሽትተህ «ይኸው፣ የማሽን ዘይት! አሁን ሠራተኛ ሆንሽ» ያልካት ትዝ ይለኛል። ሆስፒታልም ሆነህ ደጋግመህ የነገርከኝ እንዳታቋርጥ ብቻ ነበር።

ልታቋርጥ ምንም አልቀራትም ነበር። ከቀብርህ በኋላ ከል ስንለብስ፣ ጋሽ መብራቱ በእድሩ ሽማግሌነታቸው ጥቁሩን ሻሽ በራሷ ላይ አሰሩላት። ወደ ሥራ ስትመለስም እንዳሰረችው ሄደች። የወርክሾፑ አለቃ፣ ማይስተሩ፣ ጫፉ በተንጠለጠለ ሻሽ ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጠው ቶርኖ ማሽን አጠገብ መቆም ክልክል ነው አላት። ዓመት ሳይሞላ አላወልቅም አለች። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ሕጉ ሕግ ነውና ብረት ተነክሶ በእጅ የሚሠራበት ሞርሳ ላይ መደባት። ጓደኞቿ ለፈተናው ማሽን ሲለማመዱ እሷ ጥግ ላይ ብረት በእጇ ስትሞርድ ሳምንታት አለፉ።

ለእኔ ምንም አልነገረችኝም። ያወቅሁት ከጃኬቷ ነው። ልሰቅለው ሳነሳው ዘይት ዘይት አይልም፤ እጅጌው ላይ ደረቅ የብረት ብናኝ ብቻ ነበር። ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። «እንግዲያው አውልቂው» ስላት በጀርመንኛ «ናይን፣ ማማ»፣ አይሆንም፣ ብላ በሯን ዘጋች። ግትርነቷን ከማን እንዳመጣችው ታውቃለህ።

ያሰረው ይፍታው ብዬ ጋሽ መብራቱ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ዓመት ሳይሞላ ከል ሲወርድ ሰው ምን ይላል አሉኝ። ማሽኑን በዓይንዎ ይዩት ብዬ ለመንኳቸውና አብረን ሄድን። ማይስተሩ ብዙ አላወራም። ከቶርኖው ራቅ ብለን እንድንቆም አደረገና በረጅም እንጨት ጫፍ የጨርቅ ቁራጭ አንጠልጥሎ ወደሚሽከረከረው ብረት አስጠጋ። ጨርቁ ዓይናችን እያየ ተጠምጥሞ ገባ፤ የእንጨቱም ጫፍ አብሮ ተሰበረ።

ጋሽ መብራቱ ወደ ሰናይት ዞረው «ነይ ወዲህ። አባትሽን ቀብረናል፤ አንቺን የምቀብርበት ጉልበት የለኝም» ብለው ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱት። አለቅሳለሁ ብዬ ስጠብቅ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች።

ሻሹን ግን አልጣልኩትም። በዚያው ሰንበት ቆርጬ፣ ፀጉሯን ሁሉ የሚሰበስብ፣ አንዲት ክር እንኳ የማይወጣው ጠባብ ኮፍያ አድርጌ ሰፋሁት። ማይስተሩ ዙሪያውን በጣቱ ጎትቶ ፈተሸና ማሽኗን መለሰላት። አብረዋት የሚማሩት ልጆች «ቀባሪዋ መጣች» ብለው ሲቀልዱባት፣ የብረት መለኪያዋን፣ ካሊፐሯን፣ ከፍታ «ና ልለካህ፣ ሳጥንህ እንዳይጠብህ» ትላቸው ነበር አሉ። ቀልዱ ያንተ ነው።

የሙት ዓመት ተዝካርህ ደርሶ ሁላችንም ከላችንን ስናወርድ እሷ ኮፍያውን አላወለቀችም፤ ፈተናው ድረስ አብሮኝ ይቆይ አለች። ሐሙስ ዕለት ገብታ ኮፍያዋን አንተ ባርኔጣህን ትሰቅልበት በነበረው መስቀያ ላይ ሰቅላ፣ በአማርኛ «ማማ፣ አለፍኩ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ካረፍክ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ያኔ ወረደ። በዚያ ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ።

ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ወርክሾፕ በሙሉ ደሞዝ ትሠራለች። ኮፍያውን ላጥበው ስል ከለከለችኝ፤ እዚያው ተሰቅሏል። አንተም እረፍ፣ ታዴ። ማታ ስትገባ ጃኬቷን ተቀብዬ፣ ከመስቀሌ በፊት አንተን አስቤ አሸተዋለሁ። በዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ ይህን አልተውም።

ባለቤትህ