ጉራቻ ያልነከሰው እጅ

ውድ ጋሼ ሂካ፣

እንደምን ከረሙ? «ነኢማ በምን ፊቷ ትጽፍልኛለች?» ቢሉ እውነትዎን ነው። ቢሆንም ሳይቀድዱት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የአባባ እጅ ያበጠ ሰሞን የነገረኝን አላመንኩትም። «የቡና ቅርንጫፍ ወጋኝ» አለኝ። ቅርንጫፍ አራት ቦታ ይወጋል? ከአውራ ጣቱ ሥር ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ጠባብ ጠባብ ቀዳዳዎች ነበሩ። የተፈጨ ቡና ጠቅጥቆባቸው በጨርቅ ጥርቅም አድርጎ አሰራቸው። ጥርስ መሆኑን አወቅኩ። የማን ጥርስ ለሚለው ግን ከአጥራችን ማዶ ካለው ውሻዎ ከጉራቻ በቀር አልታየኝም።

የጥርኝ ቤታችንን ሥርዓት ያውቁታል። ለሽቶ የሚሸጠውን ዝባድ ከጥርኞቹ የሚያወጣው አባባ ብቻ ነው፤ እኔ እንኳ አልገባም። እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ውጭ ከተወራ ዓይን ያርፍበታል፣ ዝባዱም ይነጥፋል ይላል። ስለዚህ ጥርኝ ነክሶት ያውቅ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

በማግስቱ እርስዎና አባባ በረንዳ ላይ ስታንሾካሹኩ ደረስኩ። ስታዩኝ ዝም አላችሁ። ውሻውን እንዳይከስብዎ እየለመኑት ነው አልኩ በልቤ።

«ኦብሲ፣ ኢንተላ ኮ፤ ታገሺ ልጄ። ብቻ አባትሽን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አሉኝ።

«ውሻዎ ላበላሸው እኔ ልሩጥ?» አልኩዎ። ዛሬ ሳስበው ምላሴን ልቆርጠው ያምረኛል።

በሦስተኛው ቀን ቀይ መስመር እስከ ክርኑ ወጣ፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪም ቤት ስንደርስም «እንጨት ነው» አለ። ዓይኑን ሲያፈጥብኝ እኔም ዋጥ አደረግኩት። ሰፈር ሙሉ «ውሻ ነው» ስል የሰነበትኩ ሰው፣ መናገር የሚገባኝ ቦታ ላይ አፌ ተያዘ። ሐኪሞቹም ስብርባሪ እንጨት ፍለጋ ያዙ።

ከዚያ እርስዎን ከኮሪደሩ ጫፍ ከሲስተር ሽብሬ ጋር ሲያወሩ አየሁዎ። ወሬውን ሊያዳፍን መጣ አልኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአባባን እጅ ከፍተው አጠቡት፣ መድኃኒቱንም ቀየሩለት። እኔ ግን ነገሩን ከእርስዎ ጋር አላገናኘሁትም። ይልቅስ ወደ ቤት ተመልሼ «ሰው የነከሰ ውሻ፣ ቢያብድስ!» ብዬ ጎረቤቱን ጠራሁ። ሊገድሉት ዱላና ገመድ ይዘው መጡ። እርስዎም ጉራቻን ራስዎ አመጡት፣ ጆሮውን አሻሹት፣ የታሰረበትን ገመድ ሰጧቸውና ገብተው በሩን ዘጉ።

«አያችሁ? ጥፋቱን ባያውቅ ዝም ይል ነበር?» አልኳቸው።

በወሩ ልጅዎ ኢብሴ ዘንድ ኡካ ከተማ ሄዱ። ያኔም «አፍሮ ነው» ብያለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሲስተር ሽብሬን ገበያ አገኘኋት። የማውቅ መስሏት «ያ ጎረቤታችሁ ጥርኝ መሆኑን ባይነግረን ኖሮ እጁን እናጣው ነበር፤ እሱንም ጭምር» አለችኝ። የእንስሳ አፍ ጀርም በጠባብ ቀዳዳ ጠልቆ ገብቶ፣ ላዩ በቡና ሲደፈን ውስጥ ውስጡን እንደሚያመግል አስረዳችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። የታየኝ የጉራቻ ጆሮ ነው።

አባባን ይዤ አፋጠጥኩት። አለቀሰ፤ አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

«ጥርኙ ሲነክሰኝ ሂካ በአጥሩ በኩል አይቷል። ለሰፈር ሰው እንዳይናገር አስማልኩት። ‹ለሐኪም ግን እናገራለሁ› ብሎኝ ነበር» አለ።

ያን ቀን በር ላይ «ውሻዬ አይደለም፣ ጥርኝ ነው» ቢሉ ጉራቻ ይተርፍ ነበር። ለአባቴ ነፍስ ሲሉ ለሐኪም ተናገሩ፤ ለራስዎ ግን አልተናገሩም።

የአባባ አውራ ጣት ዛሬም አይታጠፍም። ባለፈው ዓርብ ከመስጊድ ሲወጣ ጣቱን አሳይቶ እውነቱን ለሰው ሁሉ ተናገረ። ሰው ከሰማ ይነጥፋል ያለውን ዝባድ ረስቶታል።

ቅዳሜ ከእሱ ጋር ኡካ እንመጣለን። በሩን ባይከፍቱልን ደጅ እንቆማለን። ከከፈቱልኝ ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ዝም አይበሉኝ። ይቆጡኝ።

የበደለችዎ
ነኢማ መሀመድ ሰዒድ
መቱ