የኡኒያም ግራ እግር

ለጨዋታ አልሄድንም። ይቺን ቃል ወደ ጉሮሮሽ መልሺያት። እሁድ ዕለት "ትምህርትሽን ጥለሽ ጫካ ለጫካ ስትንዘላዘይ ይኸው ሰው ልትገድይ ነው" ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው፤ እኔም ስልኬን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ስልኬ ሞተ፣ ያንቺም ቁጥር አብሮት ተቀበረ፤ ይኸው በወረቀት እንጨቃጨቃለን።

በይ አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ፣ እትዬ ማኒያን። ተቆጥቼም ቢሆን ሰላምታ አልነፍግሽም። እንዴት ነሽ? ያ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ወገብሽን ተወት አደረገሽ? ሌሊት ሌሊት የሚያስልሽስ ነገር? ሉካሽ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድድ ነው የሚነክሳችሁ? ባልሽ ማቲዩስ ሥራ አገኘ? እኛን ከጠየቅሽ፣ አባባ ሹሼፕ ደህና ናቸው ብል እዋሻለሁ፤ እኔ ደህና ነኝ ብል ደሞ የባሰ እዋሻለሁ።

ለምን እንደሄድን ልንገርሽ። ሚስታቸው፣ አያታችን፣ ካረፈች ወዲህ አባባ የሱቅ ምግብ አልወርድ ብሏቸዋል። ዶሮ ጠብሼ ሳቀርብላቸው አገላብጠው አገላብጠው ያዩትና "ይሄ ዶሮ በሕይወቱ አንድ ቀን መሬት ረግጦ ያውቃል?" ይላሉ። ቀበቷቸው ላይ በምስማር ሦስት ቀዳዳ ጨምሬላቸዋለሁ። ነጭ ቆቅ ባገኝ ነው ያሉት። ቆቅ ደሞ እሳቸውና አያታችን በየዓመቱ ድንኳን ይተክሉበት የነበረው ሐይቅ አጠገብ ነው ያለው፤ እዚያ ጫካ ውስጥ በረዶው እስከ ብብት ነው፤ የበረዶ ሞተር ይዋጣል፤ ያለ እግር አይገባም። ስለዚህ እኔ፣ ጓደኛዬ ኒሻፔትና የካትኒን ልጅ ኡኒያም ሐሙስ ጠዋት ተነሳን።

የበረዶ ጫማዎቹ፣ እንዳንሰጥም ከቆዳ ጫማችን ሥር የምናስራቸው እነዚያ ሰፋፊ መረቦች፣ የኔ ሥራ ነበሩ። የእንጨት ክፈፉን ወንድ ያጥፋል፣ ጠፍሩን ሴት ትጠልፋለች፤ መቼም አልረሳሽውም። አባባ በመኸር ሦስት ጥንድ ክፈፍ አጥፈው ነበር፤ የካሪቡውን፣ የዱር አጋዘኑን፣ ቆዳ እኔ ፋቅኩት፣ እኔ ሰነጠቅኩት፣ አያታችን ሳትኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ጠለፍኩት። ትምህርት ያቆምኩት በስንፍና ነው ትያለሽ። አንዱ ምክንያት አስተማሪውን መስደቤ ነው፣ አልክድም። ሌላው ግን ይሄ ነው፤ ከሷ በኋላ በዚህ መንደር ጠፍር የምትጠልፍ ሴት ሦስት ብትቀር ነው፣ ሦስቱም አሮጊት ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ብታይው እትዬ። እየተፈራረቅን ነበር የምንሄደው፤ አንዱ ከፊት ሆኖ በረዶውን እየደቀደቀ መንገድ ያወጣል፣ ሲደክመው ወደ ጎን ይልና ከኋላ ይገባል። ኡኒያም ያ ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ ከፊት ሲሆን መንገድ ሳይሆን ጉድጓድ ነው የሚያወጣልን። ኒሻፔት "ቤት ልትሠራ ነው እንዴ መሠረት የምትቆፍረው?" እያለች በቀልድ ትጨርሰዋለች። ጥዶቹ በረዶ ተሸክመው እንደ ሽማግሌ ጎብጠዋል፤ ከኛ ጫማ ድምፅ በስተቀር ምንም የለም። ረሃቡም፣ ያ የአያታችን ባዶ አልጋም፣ ሁሉም ነገር ከኋላዬ የቀረ መሰለኝ።

ማታ ድንኳን ስንተክል ኡኒያም ጫማውን አውልቆ ጠፍሩን ወደ ብርሃን አነሳና "አኒሸን፣ ይሄን ለእግር ነው የጠለፍሽው ለዓሣ?" አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው። ቀጠለና "አያትሽ ይሄን ቢያዩ ሁለተኛ ይሞቱ ነበር" አለ። ክፋት የለውም፣ አፉ ነው፤ ግን እኔ ደሜ ፈላ። ያልተናገርኩት ነገር የለም፤ የመጨረሻውን ብቻ ልጻፍልሽ።

"ሁለተኛ ስለ ጠፍሬ ትንፍሽ ያለ ሰው፣ በባዶ እግሩ ነው ቤቱ የሚገባው!"

ከዚያ የሠራሁትን ስሚ። የበረዶ ጫማ ውጭ ያድራል፤ በረዶ ላይ ይተከላል ወይ ዛፍ ላይ ይሰቀላል እንጂ ከእሳት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይገባም፤ ሙቀት ጠፍሩን ያረግበዋል። ይሄን ስሜን ሳላውቅ በፊት ነው ያወቅሁት። እኔ ግን እልህ ይዞኝ ሦስቱንም ጥንድ ወደ ድንኳኑ አስገባኋቸው፤ እምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ እያንዳንዷን ጠፍር እንደገና ልወጥር፣ ኡኒያምም ዓይኑ እያየ እንዲያፍር። ኒሻፔት መሬቱ ላይ የጥድ ዝንጣፊ እየጎዘጎዘች "ተዪ፣ ነውር ነው" አለችኝ። አንቺ ዝንጣፊሽን ጎዝጉዢ አልኳት። ሁሉንም ከምድጃው በላይ ሰቅዬ በየተራ ስወጥር፣ አንዱን ጥንድ እንኳ ሳልጨርስ እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ስነሳ ጫማዎቹ ከምድጃው በላይ እንደተሰቀሉ ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ የኡኒያም ግራ ደሞ በአንድ ጎኑ እሳት ልሶት ጠቆር ብሏል። አውጥቼ ብርዱ ላይ አቆምኳቸው። በደቂቃ እንደ ድንጋይ ደረቁ። በጣቴ አንኳኳሁና "አያችሁ?" አልኳቸው። እንደሱ ብዬ ነበር፣ እትዬ። አያችሁ።

ዓርብን ወጥመድ ስናነሳ ዋልን፤ አሥራ ስድስት ቆቅ። ቅዳሜ ጠዋት ቆቆቹን በእጅ በምንስባት ተጎታች ጭነን ወደ ቤት ተመለስን። ጠፍሩ በየእርምጃው እየረገበ፣ እየረገበ መጣ። ሁላችንም እያየነው ነው፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሦስት ሰዓት ግድም ጅረቱ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ጋ ስንደርስ፣ እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ከኋላዬ "እህ" የሚል ነገር ሰማሁ። ዞሬ ኡኒያምን ምንድነው አልኩት። ምንም፣ ቁርስ አስታወሰኝ አለ። የግራ ጫማውን በገመድ እያሰረ ነበር። እዚያ ቦታ ከበረዶው ሥር ውሃ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። ጠፍሩ በተቃጠለበት በኩል ተበጥሶ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ወጥቷል። ብርዱ ደሞ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚያደርቅ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄደ። መጀመሪያ ይቀልድ ነበር፤ በኋላ ዝም አለ። አኩርፎ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ነው የምልሽ።

ከዚያ ቁጭ አለ። እግሬ ደክሞታል አለ። የቆዳ ጫማውን ልናወልቅ ስንል አልወልቅ አለን፤ በቢላ ቀደድነው። ውስጡ በረዶ ነው። እግሩ እንደ ሻማ ነጥቷል፤ ኒሻፔት ስትነካው አይሰማውም። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት፤ ወዲያው ብትነግረኝ እሳት አንድደን እናደርቀው ነበር አልኩት።

"ስለ ጠፍሬ አትናገሩ ብለሽ አልነበር?" አለኝ።

አሽሙር እንዳይመስልሽ። እንደ ተራ ነገር ነው ያለው፣ ሕግ እንዳከበረ ሰው። ቆቆቹን አራግፈን እሱን ተጎታቿ ላይ ጫንነው፤ በረገበ ጫማ እየወደቅን እየተነሳን ጎተትነው። ቆቅ እንኳ ለአባባ አልደረሰም። ከጫካው ስንወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሞተር የሚመጡ ሰዎች አገኙን።

አንቺ በስልክ ያላወቅሽው ይሄ ነው፤ እዚህም ከኒሻፔት በቀር የሚያውቅ የለም። ክሊኒክ ውስጥ አባባ መጥተው ጫማዎቹ እንዴት እንደዚህ ሆኑ ብለው ሲጠይቁ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ኡኒያም "እኔ ነኝ ድንኳን ያስገባኋቸው አባባ፣ በብርዱ አሳዝነውኝ" አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ቤት ገብተው ክፈፍ የሚጠርቡባትን ያቺን ቆልማማ ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተቱ፤ ለአራተኛ ጥንድ የጀመሯቸውን ሁለት ክፈፎች በጉልበታቸው ሰብረው ምድጃ ውስጥ ጨመሩ። "ልጆቹ ይቺን እንኳ ካላወቁ ለማን ነው የማጥፈው" አሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ይሄ የማይዘጋው አፌ ያን ጊዜ ተዘጋ። ይባስ ብላ የኡኒያም እናት ካትኒን ልጄን ጎትታ አመጣችልኝ ብላ ሁለት እጄን ሳመችው። የተሳመው እጅ እስካሁን ያቃጥለኛል።

አውሎ ነፋስ ተነስቶ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን አውሮፕላን ሦስት ቀን አስቀረው። እግሩ አሁን እስከ ጣቶቹ ሥር ጠቁሯል፣ ከዚያ በላይ ያበጠው ማመርቀዝ ጀምሯል፤ ይሸታል። ነርሷን ስጠይቃት እዚያ ይወስናሉ ትለኛለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። ይድናል ብለሽ አታጽናኚኝ፤ አይቼዋለሁ። እናቱንና አራት ታናናሾቹን አድኖ የሚያበላ እሱ ብቻ ነው። ትናንት ልጠይቀው ስገባ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ደስ ይበልሽ፣ ከእንግዲህ ለኔ አንድ ብቻ ነው የምትጠልፊው" አለኝ። ወጥቼ በረዶ ላይ ተቀመጥኩ። ጠፍር ሁለተኛ በእጄ አልነካም።

ይሄን ደብዳቤ ካትኒን ነች የምትይዘው፤ ከአውሮፕላን እንደወረደች በታክሲ ሾፌር ሆቴልሽ ትልክልሻለች፣ አድራሻው ፖስታው ላይ አለ። ነገ ጠዋት ከሱ ጋር ትበራለች፤ ቀትር ላይ አንቺ ከተማ ሆስፒታል ናቸው። ፈረንሳይኛ አንዲት ቃል አታውቅም። እዚያ ከተማ ውስጥ ካንቺ በስተቀር ሰው የላትም። ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ የልጇን እግር እንዴት እንደሚቆርጥ ቢነግራት እሺ እሺ እያለች ራሷን ነው የምትነቀንቀው። ስለዚህ ከሥራ አስፈቅጂም ጥለሽም ሂጂ። የሚሉትን ቃል በቃል አስተርጉሚላት፤ ማር አትቀቢበት። እሱን ብቻውን ስታገኚው፣ አኒሸን ለአባባ እውነቱን ትናገራለች በይው። ገና አልነገርኳቸውም። ነገ አንቺ ከመደወልሽ በፊት እነግራቸዋለሁ፤ ካልነገርኳቸው ደሞ ከድምፄ ታውቂብኛለሽ፣ ያን ጊዜ ስደቢኝ።

ማቲዩን ሰላም በይልኝ፤ መኪና ካለው ካትኒንን ይውሰዳት፣ ሊፍት ትፈራለች፣ እጇን ይያዛት። ሉካሽን ጉንጩን ንከሺልኝ። አባባ ቅድስት ሐና ትጠብቃችሁ ብለዋል። ኒሻፔትም ሰላም ብላሻለች፤ ከኔ ጋር ግን ብዙም አናወራም።

እኔ ነገ ከቀትር ጀምሮ የአባባ ቤት ስልክ ሥር ነኝ፤ ያን ቁጥር እንኳ አልረሳሽውም። በዚህ ወር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚጨልም ታውቂያለሽ። ምን ያህሉን እንደቆረጡት፣ ወይ እንዳልቆረጡት፣ ሳይጨልም ደውለሽ ንገሪኝ።

እህትሽ አኒሸን
ሙሽ ሺፑ፣ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 19 ቀን