የንጉሡ መወጣጫ ስለተባለው የእናቶቻችን ድንጋይ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ«ጭጋግ ገላጭ» የግል አስጎብኚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከፍ ያለ ምስጋናንና አነስተኛ እርማትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ በር ላይ ክንፉን ዘርግቶ የተሳለው ንስርም በፍጹም ጤንነት እንድትገኙ ምኞቴ ነው። እኛ በበኩላችን ከጉልበትና ከዓይን በቀር ደኅና ነን። ስሜ አስቴር ዋቅጅራ ይባላል፤ የቀበና ልጅ ነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሰው አቤቱታ እየተቀበልኩ ወደየክፍሉ ስመራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የራሴን ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ከሥርዓት የወጣ ቃል ቢያጋጥምዎ ከልምድ ማነስ እንጂ ከክፋት እንዳልመጣ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እናቴ ወይዘሮ ጋዲሴና ጎረቤታችን እትዬ ዘሙሩድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው እያወረዱ ሾላ ገበያ ሲሸጡ የኖሩ ሴቶች ናቸው። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ያ ጭራሮ ነው፤ የእትዬ ዘሙሩድን ልጅ ኡበይድንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃው እሱው ነው። ዘንድሮ ሐኪም የእትዬ ዘሙሩድን ዓይን መርምሮ አንደኛው መጥፋቱን፣ የሌላውም ብርሃን ብዙ እንደማይቆይ ነገራቸው። እሳቸውም ያን ዕለት ማታ እናቴ ዘንድ መጥተው፣ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይዘጋ አንድ ነገር ብቻ ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው የእግር መንገድ ላይ ሸክማቸውን ያሳርፉበት የነበረውን ድንጋይ። መካ አላሉ፣ ባሕር አላሉ፤ ድንጋይ አሉ። ሁለቱም ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡበት ዕድሜ ስላለፈ ወንድሜ ሞቲ የእናንተን የሙሉ ቀን የግል ጉብኝት ስጦታ ላድርግላቸው አለ። ቢሮዎ ደውዬ ድንጋዩ በመንገዳችሁ ላይ እንዳለ ስጠይቅም፣ ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ታሪካዊው ድንጋይ የጉብኝቱ ዋና ማረፊያ እንደሆነ በደስታ አረጋገጠችልኝ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ስለሆነም ጥቅምት 29 ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. መኪናችሁ በተባለው ሰዓት፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት፣ ቀበና ቤታችን በር ላይ በመገኘቷ እናመሰግናለን። አስጎብኚያችን ወጣት ባሮክም ከመኪናው ወርዶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እናቴንና እትዬ ዘሙሩድን እንኳን ወደ አዲስ አበባ በሰላም መጣችሁ ብሎ ስለተቀበላቸው ልዩ ምስጋና ይድረሰው። እናቴ በዚህች ከተማ ስትኖር አምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እስከዛሬ እንኳን ደኅና መጣሽ ያላት ሰው አልነበረም። ቢዘገይም ደርሷታል።

2. ዳገቱ ላይ መኪናው ቆሞ ስለ ባሕር ዛፍ ሰፊ ማብራሪያ በመሰጠቱ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ባሮክ አንድ ቅጠል ቆርጦ እያንዳንዳቸውን ካስሸተተ በኋላ፣ ይህ ተክል ከውጭ አገር እንደመጣ፣ ለጉንፋን እንደሚታጠኑትና በጥንት ጊዜ አንዳንድ ሴቶች ለማገዶ ይሸከሙት እንደነበር አስረዳ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። እናቴ በጨዋ ደንብ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። እትዬ ዘሙሩድ ግን ያ ጥንት የተባለው ዘመን መቼ እንዳበቃ ለማወቅ ጠየቁ፤ ባሮክ በጣም ከረጅም ጊዜ በፊት ነው ሲላቸው፣ የእሳቸው ወገብ ወሬው ገና እንዳልደረሰው ገለጹለት። እዚሁ ላይ ለሁለቱም የመራመጃ ዱላና የፀሐይ ባርኔጣ ታድሏል። ባርኔጣው ከእትዬ ዘሙሩድ ሻሽ በላይ አልገባ ስላለ እስከ ማታ ድረስ ዱላው ራስ ላይ ተሰቅሎ ውሏል፤ ዱላው በጣም አምሮበት ነበር።

ከተማው ከታች በሚታይበት ቦታ ላይም ባሮክ በቀኝ በኩል እዩ፣ በግራ በኩል እዩ እያለ ደክሟል። እትዬ ዘሙሩድ ማየት ስላልቻሉ እናቴ በጆሯቸው ታሳያቸው ነበር። ሾላን በስተግራ አድርጋ ስትነግራቸው፣ ነፋሱ ፊታቸውን በየት በኩል እንደመታው አስተውለው ተሳስተሻል፣ ወደ ቀኝ ነው አሏት። ባሮክ ስልኩን አውጥቶ ካርታ ላይ ተመለከተ። ወደ ቀኝ ነበር።

3. አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልምጣ።

ክቡር ሆይ፣ የጭራሮ ሸክም ለብቻ እንደማይነሣ ያውቁ ይሆን? ሴቶቹ ወገብ በሚደርሰው ድንጋይ ላይ ሸክማቸውን አስደግፈው ይተነፍሳሉ፤ ሊነሡ ሲሉ ግን አንዷ ሌላዋን ከኋላ ደግፋ ካላሸከመቻት ጉልበት አይሆንም። ስለዚህ የዚያ ድንጋይ ሕግ አንድ ነበር፤ ቀድማ የደረሰች ቀድማ አትሄድም። ወደ ኋላ የቀረችው ደርሳ፣ አርፋ፣ ተነሥታ ነው መንገድ የሚቀጠለው። ቢዘንብም፣ ገበያው ሊያመልጥ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን የተጣሉ ቢሆኑም። እናቴ እኔን አርግዛ ስድስት ወር ሆኗት ከሁሉም ኋላ የቀረች ቀን፣ እትዬ ዘሙሩድ ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ጠብቀዋታል። እኔ ይህን ታሪክ ከዳዊት መዝሙር ቀድሜ ነው ያጠናሁት።

እንግዲህ እዚያ ስንደርስ ድንጋዩ በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ ድርጅትዎ ያቆመው ሰሌዳ ከፊቱ ተተክሎ አገኘነው። ሰሌዳው «የንጉሡ የፈረስ መወጣጫ» ይላል። ከሥሩም መንካትና መቀመጥ ክልክል እንደሆነ ተጽፏል። ባሮክ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በድንጋዩ ጫፍ ላይ የሚታዩት ሁለት ጎድጎዶች ንጉሡ ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ በእርካብ ፍትጊያ የተፈጠሩ መሆናቸውን ተረከልን። እነዚያን ጎድጎዶች የሸክም ገመድ እንደበላቸው እናቴ በትሕትና ለማስረዳት ሞክራ ነበር፤ ባሮክም እንዲያ የሚል በተሰጠው ጽሑፍ ላይ እንደሌለ በተመሳሳይ ትሕትና መለሰላት። በእኔ በኩል ንጉሡን ለመጋፋት ፍላጎት የለኝም። ነገር ግን ጎድጎዶቹ ያሉት ሰው እግሩን በሚያሳርፍበት ሳይሆን ጀርባውን በሚያስደግፍበት ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ንጉሡ ፈረሱን አዝለው ዳገት ይወርዱ ካልነበረ በስተቀር የጽሑፋችሁ ነገር አልገባኝም።

እትዬ ዘሙሩድ ይህን ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ድንጋዩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ዓይናቸው ጥላውን እንጂ እሱን አጥርቶ አላሳያቸውም። ፊት ለፊትዎ ነው አልኳቸው። በእጃቸው ብቻ ሊነኩት ባሮክን ሲለምኑት፣ ልጁ እውነት ለመናገር ፊቱ ቀላ፣ ቢሮው እንደሚቆጣው ተናገረ። በዚህ ጊዜ እትዬ ዘሙሩድ ገመዱን አለፉት። በኋላ ገመዱን ጨርሶ እንዳላዩት አስረድተዋል፤ እኔም በጽኑ አምናቸዋለሁ። እግራቸው ልክ ከገመዱ በላይ እስኪሆን ድረስ ከፍ ማለቱ የአላህ ሥራ ነው።

እጃቸውን በጫፉ ላይ እየዳበሱ ሄዱ። ጥልቁ ጎድጎድ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጣታቸው ገብቶ ልክ ሆነ። ጋዲሴ፣ የኔን አገኘሁት፣ ያንቺ ይኸው ከጎኑ አሉ። እናቴም ገመዱን አለፈች፤ የእሷን ዓይን ምንም እንዳልነካው ግን መሸሸግ አልችልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ አለቀስኩ። ይህኛው በአገልግሎት ዝርዝራችሁ ውስጥ ስለሌለ ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ብዙም ሳይቆይ የእናንተው ሌላ የጎብኚ ቡድን ደረሰ። የዚያኛው ቡድን አስጎብኚ የንጉሡን ነገር ተርኮ ሲያበቃ፣ አሮጊቶቹ ቅርሱን ስለጋረዱት ለፎቶ ትንሽ ዘወር እንዲሉልኝ ንገሪልኝ ብሎ በአክብሮት ጠየቀኝ። ቅርሱን ከጋረዱት ሰዎች ጋር ያለኝ ዝምድና ስላልፈቀደልኝ መልእክቱን አላደረስኩም። እነሱም ዘወር አላሉም።

4. በፕሮግራማችሁ ላይ ለድንጋዩ የተመደበው ሩብ ሰዓት ስለሆነ፣ ባሮክ ሰዓቱን አይቶ ወደ መኪናው ቀድሞን ሄደ። ሰዓት ማክበር የሥልጣኔ ምልክት ነው። ሁለቱ እናቶች ለመነሣት ሞክረው ጉልበታቸው እምቢ ሲል፣ እኔ እናቴን አነሣሁ፣ እናቴ ደግሞ እኔን አላስነካ ብላ እትዬ ዘሙሩድን በራሷ እጅ አነሣች። ባዶ ጀርባቸውን ነበሩ። እንደ ተሸከመ ሰው ግን ጎንበስ ብለው፣ ተያይዘው ወደ መኪናው ወረዱ።

ከላይ ለተዘረዘሩት ሁሉ ካሳ የሚባል ነገር አልጠይቅም፤ እናቶቼ ድንጋያቸውን አግኝተዋል፣ ያገኙትም መኪናችሁ ስላወጣቻቸው ነው። የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ይታረም። እትዬ ዘሙሩድ አሁን በጣታቸው ያነበቡትን፣ እሳቸውና እናቴ ሲያልፉ የሚያነብ አይኖርም። የዚያን ጊዜ ድንጋዩ ሰሌዳው እንዳለው ሆኖ ይቀራል፤ ሠላሳ ዓመት በጀርባ የተጻፈውም በአንድ የቀለም ቆርቆሮ ይጠፋል። ይህ ያስፈራኛል፣ ያናድደኛልም። ለጸሐፊዎቻችሁ ድካም ለመቀነስ ጽሑፉን እኔው አዘጋጅቻለሁ፦ «የእንጦጦ ጭራሮ ተሸካሚ ሴቶች እዚህ ያርፉ ነበር። ወደ ኋላ የቀረችውን ሳያነሡ አይሄዱም ነበር።» ንጉሡን ማስነሣት የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ከሥር አንድ መስመር ጨምራችሁ እሳቸውም ሲያልፉ እንዳረፉበት ብትጽፉ እናቶቹ ቅር አይላቸውም። ቦታው ይበቃል።

ዳገቱን ለሚያስወጣ መኪናዎ፣ ጭጋጉን ለሚገልጥ ስምዎ፣ ታሪክን በሩብ ሰዓት ለሚጨርስ ፕሮግራምዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ሥራዎ እንዲቃና፣ ደንበኛዎ እንዲበዛ፣ ሰሌዳዎ ግን እንዲያንስ ከልብ እመኛለሁ።

ታዛዥዎ፣
አስቴር ዋቅጅራ
ከቀበና

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጋዲሴ (ተነቦላታል፤ ዱላውን በተመለከተ የተጻፈው ይውጣ ብላ ነበር)
ለእትዬ ዘሙሩድ (ሁለት ጊዜ ተነቦላቸዋል)
ለድንጋዩ (ከሰሌዳው ፊት ለፊት እንዲያያዝ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከጉብኝቱ በኋላ በስልኬ በላካችሁት መጠይቅ ለአስጎብኚያችን ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምንሰጥ ጠይቃችኋል። እትዬ ዘሙሩድ ለባሮክ አራት ሰጥተው ነበር፤ አንዱን የያዙበት እናቶቹን ሳያነሣ ቀድሞ በመሄዱ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ግን ልጁ በዕረፍት ቀኑ፣ ማንም ሳይልከው፣ ደብተር ይዞ ቀበና ድረስ መጣ። ስለ ድንጋዩ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ ሲወጣ እትዬ ዘሙሩድን ከወንበራቸው ደግፎ አንሥቶ እስከ ቤታቸው አደረሳቸው። ስለዚህ አምስተኛው ኮከብ ተመልሶለታል፤ እባክዎ ይመዝገብለት። እንግዲህ ወደ ኋላ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እናቶቹ አይዞዎት ብለዋል፤ ጭነትዎ ቢከብድም ሳያነሡዎ አይሄዱም።