ድንቡሼና ቦት ጫማ የሰካው ጉማሬ

ጥር 6
እስከ ቀትር አሥራ አንድ አውቶቡስ ሸኘሁ... በድምፄ ማለቴ ነው። የመናኸሪያው ማይክሮፎን ዛሬ አላስቸገረኝም። ቤት ስገባ ልጄ ድንቡሼ ሶፋው ላይ ተገልብጣ ያንን ካርቱን ታያለች። ጆሮው ላይ ቦት ጫማ የሰካ ጉማሬ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው! እሷ ግን በሳቅ ፍርስ ትላለች። አምስት ዓመት ሞልቷት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትንተባተብ መጨረስ አቅቷታል፣ እሷ እቴ ጉማሬ!

ጥር 9
መምህርቷ አስጠራችኝ። "ክፍል ውስጥ መናገር ትታለች። ሁለት ሳምንት ሆናት፣ ቃል አልወጣትም።"
ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ተሳፋሪ በድምፄ የምሸኝ ሰው የገዛ ልጄ ዝም ልትል? ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ጉማሬው! በአፍንጫው ሲያወራ እየሰማች ነው ምላሷ የተበላሸው። ሪሞቱን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወርኩት።

ጥር 10
አለቀሰች። ጨከንኩ።

ጥር 15
በካርቱኑ ፈንታ ልምምድ ጀምረናል። አለቃዬ እኔን እንዳሠለጠነኝ፣ የአውቶቡሶቹን መነሻ ሰዓት "ተሳፋሪዎቻችን" ብዬ ጀምሬ አነብላታለሁ፣ ተከትላ ትላለች።
"ተ... ተ... ተሳ..."
"ከመጀመሪያው!"
"ተ..."
"ከመጀመሪያው!"
የኛ ሥራ ሕጉ ይህ ነው፤ በልምምድ የተደናቀፈ እንደገና ይጀምራል። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ናት እንጂ አውቶቡስ አይደለችም" አለችኝ። ሰማኋት? የት ሰማኋት።

ጥር 22
ውሃ ስትፈልግ በጣቷ ታሳያለች። እኔ ስገባ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ትሄዳለች... ከኔ ነው የምትሸሸው?

ጥር 24
ዛሬ ቀደም ብዬ ገባሁ። መታጠቢያ ቤት ድምፅ ሰማሁና በሩ ጋ ቆምኩ። ድንቡሼ ናት፣ በአፍንጫዋ፣ ልክ እንደ ጉማሬው፣ ለሳሙናው ታወራለች።
"አንተ ሳሙና፣ ለምንድነው የምታንሸራትተኝ? ይኸው ወደቅኩ! ግን ችግር የለም፣ ጭቃው ለስላሳ ነው!"
አንዴ እንኳ አልተደናቀፈችም። አንዴም! ከዚያ ድምጿን አወፈረችና ሳሙናውን ገሰጸችው።
"ከመጀመሪያው!"
እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። ያ ቁጣ የኔ ነው።

ጥር 28
መምህርቷ የጠቆመችን የንግግር ባለሙያ ዘንድ ሄድን። የጉማሬውን ነገር አንስቼ ጠየቅኳት። ሳቀች።
"እሱ ምን አደረገ? የሌላ ድምፅ ሲያስመስሉ ሳይንተባተቡ የሚናገሩ ልጆች አሉ።"
"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ትየው?"
"እሱን አላልኩም። ጥቂት ጥቂት፣ ከእርስዎ ጋር ትየው። ስትናገር ደግሞ አያርሟት፣ ቃሉንም አይጨርሱላት። ዝም ብለው ይጠብቋት።"
መጠበቅ... ለኔ! "ሰዓቱ ደርሷል" እያለ ለሚኖር ሰው!

የካቲት 3
አብረን አየን። ጉማሬው የጎረቤቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ሳላስበው ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ድንቡሼ ካርቱኑን ትታ እኔን ታያለች።
"አባዬ፣ ገ... ገ..."
ጠበቅኩ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ እየታገለኝ ጠበቅኩ።
"...ገና ይወድቃል።"
ወደቀ።

የካቲት 11
ካርቱኑ አሁንም የጅል ነው። ሃያ ደቂቃ ይበቃል ብለናል። ሲያልቅ እኔም ትንሽ ቅር ይለኛል፣ ለባለቤቴ ግን አልነግራትም።

የካቲት 19
ድንቡሼን ልወስዳት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ልጅ፣ "ስምሽ ማነው?" ይላታል። አፏን ከፈተች... ያዛት።
"ለምንድነው እንደዚህ የምታወሪው?" አላት።
ልሮጥ ነበር። በዚያ ጥርት ባለ ድምፄ ስሟን ልነግርላት። ግን የአጥሩን ብረት ጨብጬ ቆምኩ። ፊቷን አላዞረችም። በጉማሬው ድምፅም አልነበረም፣ በራሷ ነው።
"ይ... ይይዘኛል። ጠ... ጠብቀኝ።"
ልጁም ጠበቃት። ሙሉ ስሟን ነገረችው፣ የኔን ስም ጨምራ።