መተማ ድልድይ ላይ ያማተበችው እህቴ

እታለም ጥሩወርቅ፣

ነገሩ የተበላሸው መተማ ድልድይ መሃል ላይ፣ ቀኝ እጅሽ ወደ ግንባርሽ ሲነሳ ነው። እኔ ከወዲህ በኩል፣ ከሰሊጥ ጆንያዎች አጠገብ ቆሜ አይሻለሁ። ተይ፣ ጥሩዬ፣ ተይ አልኩ በልቤ። አማተብሽ። ወረቀትሽን የያዘው የሱዳን ፖሊስ ቀና ብሎ አየሽ። ወረቀቱ ላይ ስምሽ ዘይነባ ነበር።

ይኸው ከተለየሽን ሦስት ዓመት ሞላ።

ያን ቀን ጠዋት ጅዳ ለሥራ ሊወስደን የነበረው ደላላ በምላጭ የአንገትሽን ማተብ ሲበጥስ አልከለከልሽውም። በክርስቲያን ስም ከካርቱም ጅዳ የሚያሳልፍ የለም ብሎሽ ነበር። እኔ አንገቴን አልሰጥም ስለው፣ «እንግዲያ ተማሪዋ ትመለስ» አለ። አንቺ ሳቅሽ። «እኛ ወሎዬዎች ነን። አክስታችን ዘሃራ የአባባ እህት አይደለችም እንዴ? ስም አይገድለኝም፤ አንቺ ሂጂና ፈተናሽን ተፈተኚ» አልሽኝና ከገበያተኛው ጋር ተቀላቀልሽ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሳናማትብ ወንዝ ተሻግረን አናውቅም። ይህን ያን ቀን ማናችንም አላሰብነውም።

ፖሊሱ ክንድሽን ይዞ ወደ ኬላው ቆርቆሮ ቤት ሲወስድሽ አንዴ ዞረሽ አየሽኝ። እንዳልጣራ በዓይንሽ ከለከልሽኝ። ደላላው ሰው መሃል ገብቶ ጠፋ። በዘጠነኛው ቀን እዚያው እስር ቤት ወባ እንደገደለሽ፣ አብራሽ የታሰረች የደጎሎ ልጅ ተፈትታ ስትመጣ ነገረችን።

ፈተናውን አለፍኩ፤ አሁን ከላላ ወረዳ አስተምራለሁ። አገራችን መካነ ሰላም ሞባይል ገብቷል። አባባ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ደጅ መውጣት ትቷል። ደላላው ሞትሽን ቀድሞን ሰምቶ መጥቶ፣ ጥፋቱን ለመሸፈን «በፈቃዷ ሰልማ ነው የሞተችው» ብሎ አስወርቶ ነበር። የነፍስ አባታችንም አመኑት፤ ፍትሐትም ተዝካርም ከለከሉሽ። ዱዓ አስደርጋ ስምሽን ያስጠራች አክስታችን ዘሃራ ብቻ ናት። ያየሁትን ልናገር ስነሳ አባባ፣ «ደላላውን ቤታችን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ፣ አታዋርጂኝ» ብሎ ለመነኝ። ዝም አልኩለት። ዝምታዬ አንቺን ሁለተኛ እንደቀበረሽ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እቆማለሁ። የነፍስ አባታችን ይስሙኝ፤ ደላላውም ካለ ይስማ። እስክሞት ድረስ ጥሩወርቅ ብዬ አስታውስሻለሁ። በማማተብሽ ተይዘሽ የሞትሽውን እህቴን፣ ሃይማኖቷን ጥላ ሄደች ሲሉ ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ አልሰማም። ለአባባ ክብር ስልም ቢሆን።