ስልሳ አንድ መስመር በአንድ ስክሪን

ቀን፦ ኅዳር 11

ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር፤ ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል

ጉዳዩ፦ የላቦራቶሪ ውጤት የሚጻፍባቸው ስክሪኖች ሰው ሊያነባቸው በሚችል መጠን እንዲስተካከሉ እና በእኔ ላይ የተወሰነው ዝውውር እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሰብሳቢ፣

በላቦራቶሪ ውጤት ጽሕፈት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ኅዳር 2 ቀን በሰጠው ውሳኔ «የማየት አቅሙ የተዳከመ» ተብዬ ከኅዳር 20 ጀምሮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድዛወር ታዟል። ግምጃ ቤት መግባት አያዋርደኝም፤ ባልዲና አንሶላ መቁጠር ከአንዳንድ ኃላፊዎች ሥራ የበለጠ ለሰው ይጠቅማል። አቤት የምለው የተዛወርኩበት ምክንያት ሐሰት ስለሆነና እኔ ብሄድም ስክሪኑ እዚያው ስለሚቀር ነው።

1. ቦርዱ ክፍላችንን ጎብኝቶ ስለማያውቅ ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። የምርመራ ማሽኑ የናሙና ቁጥርና ውጤት ያለበት ቁራጭ ወረቀት ያወጣል። ቁጥሩን ከስክሪኑ ዝርዝር ላይ ፈልገን መስመሩን እንጫናለን፤ ውጤቱን እንጽፋለን፤ አትመን፣ ከግርጌው ፈርመን በመስኮት እናስረክባለን። ዝርዝሩ ላይ ያለው የናሙና ቁጥር ብቻ ነው፤ የታካሚው ስም የሚመጣው ሲታተም ነው። ስለዚህ መስመር የሳተ ሰው የአንዱን ደም ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። አራት ሰዎች ነን፤ በቀን ከሦስት መቶ ያላነሰ ውጤት እንጽፋለን። ሥራው የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ቁጥሩ እንዲታይ ብቻ ይጠይቃል።

2. ነሐሴ 20 ቀን አዳዲስ ስክሪኖች መጡልን። ዕቃውን አልነቅፍም፤ ጥሩ ዕቃ ነው። አሮጌዎቹ ሃያ አራት መስመር ያሳዩ ነበር። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊው አዲሶቹን ሲተክሉ ሬዞሉሽኑን፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ የሚደረደሩትን ነጥቦች ብዛት፣ መጨረሻው ድረስ ከፍ አደረጉት፤ የፊደሉን መጠን ደግሞ መጨረሻው ድረስ ዝቅ አደረጉት። በአንድ ጊዜ ስልሳ አንድ መስመር ይታይ ጀመር። ይታይ ጀመር ያልኩት በእሳቸው አነጋገር ነው። አንዱን አኃዝ በማስመሪያ ለካሁት፤ ቁመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ጥቂት ያልፋል። መድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ እሱ ደግሞ እንዳይነበብ ታስቦ የሚጻፍ ነው።

3. መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን አልደብቅም። ፊደሉ እንዲተልቅ ብዬ ሬዞሉሽኑን ራሱን ዝቅ አደረግሁት። ተለቀ፤ ግን ዝናብ በመታው መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ነገር ደበዘዘ። ሦስትና ስምንት ተመሳሰሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኔ እንባ ያዘ። የባለቤቴ ወንድም ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እሁድ ምሳ ላይ ብነግረው ጉርሻው እስኪያንቀው ሳቀብኝ፤ ቀጥሎም ማንኛውም የሠለጠነ ኃላፊ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በአምስት ደቂቃ አስረዳኝ። ስክሪን ሲሠራ የራሱ የሆነ የነጥብ ብዛት አለው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው በዚያ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ አይነካም። የሚነካው የፊደሉ መጠን ነው። መጠኑ የሚመረጠውም ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጦ፣ ጥቂት በጥቂት በማሳደግ ነው።

«አንገትህ ወደ ፊት መሄዱን ሲተው አቁም» አለኝ። «ያ ነው ያንተ ቁጥር። የጎረቤትህ ቁጥር ሌላ ነው። ለሠራተኛ ሁሉ አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ የሚገዛ አለቃ አይተህ ታውቃለህ?»

እኔ እስከ ነሐሴ አላየሁም ነበር።

4. ነሐሴ 26 ቀን እንደነገረኝ አደረግሁ። ለእኔ የሚስማማኝ ኃላፊው ከተዉት ፊደል መቶ ሃምሳ በመቶ ሆነ፤ አርባ መስመር ያሳያል። መስኮት ዳር የምትቀመጠው ባልደረባዬ ፀሐይ ስለሚያስቸግራት ከዚያም ከፍ አለች። በሩ አጠገብ ያለው ባልደረባዬ ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነና ስክሪኑ ፊቱ ላይ ስለሆነ መቶ ሃያ አምስት በቃው። አራተኛዋም የራሷን መረጠች። ሁለት ሳምንት ማንም ሳያጎነብስ ሠራን። ለዚህ ስብሰባ አልተጠራም፤ ኮሚቴም አልተቋቋመም። ምናልባት ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

5. መስከረም 8 ቀን ኃላፊው መጥተው፣ ሰላም ሳይሉ ከወንበሬ አስነስተውኝ፣ አራቱንም ወደ ስልሳ አንድ መስመር መልሰው በፓስወርድ ቆለፉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጋሼ፣ ስክሪኑ ምንም አልሆነም፤ ዕድሜ ነው» አሉኝ። በሩ አጠገብ ያለው ባልደረባዬ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እሱም ማየት አልቻለም አልኳቸው። እሱ ትኩረት ይጎድለዋል አሉ።

እውነተኛውን ምክንያት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ኃላፊው ለማኔጅመንቱ ባቀረቡት ሪፖርት ላይ «በአንድ ስክሪን የሚስተናገደውን ከሃያ አራት ወደ ስልሳ አንድ በማድረስ የውጤት ክፍሉ ቅልጥፍና መቶ ሃምሳ አራት በመቶ አድጓል» ተብሎ ተጽፏል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ማካፈሉ ልክ ነው። ጎደለ የምለው ሌላ ነገር ነው። በቀን የምንጽፈው ውጤት ድሮም ሦስት መቶ ነበር፤ ዛሬም ሦስት መቶ ነው። ያደገው በአንድ ጊዜ የማናነበው መስመር ነው። ማኔጅመንቱም ይህን ሳይጠይቅ የምስጋና የምስክር ወረቀት ሰጣቸው፤ በመስታወት አሠርተው ከወንበራቸው ጀርባ ሰቅለውታል። የምስክር ወረቀቱ ፊደል ትልልቅ ነው፤ ከበር ላይ ሆኖ ይነበባል።

6. ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሠራን ይመዝገብልኝ። መስኮት ዳር ያለችው ባልደረባዬ የፕላስቲክ ማስመሪያ በመስመሩ ሥር ስክሪኑ ላይ ትለጥፍ ነበር። ኃላፊው ዓርብ ለቁጥጥር ሲመጡ ንብረት ይጭራል ብለው ነጠቋት። «እንግዲህ እኔ የምጽፈው በእምነት ነው» አለችን። ሳቅን። በሆስፒታል ውስጥ ሊሳቅበት የሚገባ ነገር አልነበረም።

7. ጥቅምት 3 ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሁለት ተከታታይ መስመሮችን አቀያይሬ ጻፍኩ። እጁ የእኔ ነው፤ ፊርማውም የእኔ ነው። አንደኛው ናሙና የአንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበር፤ ሄሞግሎቢኑ 13.6፣ የጤነኛ ሰው ደም ነው። ሁለተኛው የአንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበር፤ 5.8፣ ያን ዕለት አልጋ ይዛ ደም ሊሰጣት የሚገባ። ሾፌሩ የእሷን ውጤት ይዞ ወደ ሐኪሙ ሄደ፤ እሷ የእሱን ይዛ «ደህና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ።

ሾፌሩ ተኛ ሲባል እምቢ አለ። ሊፍቱ ስለተበላሸ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ እንደመጣና ይህን የሚያደርግ ሰው ደም እንደማይጎድለው ተከራከረ። በማግሥቱ እንደገና ተመረመረ፤ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ መዝገቡ ላይ «የማሽን ስህተት» ተብሎ ተጻፈና ተዘጋ። ያ 5.8 የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። በዚህ ሆስፒታል አንድ ሐኪም፣ አንድ የላቦራቶሪ ተረኛና አንድ የጥራት ተቆጣጣሪ ያንን ቁጥር አይተው ከማንም ያልተቀዳ ደም አድርገው አሳልፈውታል። የእነሱ ወረቀት በትልቁ የታተመ ነበር።

ነፍሰ ጡሯ ጥቅምት 5 ቀን የቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ተገኘች። አራት ከረጢት ደም ተሰጣት። ልጁ ያለጊዜው ተወልዶ አሥራ አንድ ቀን ማሞቂያ ውስጥ ቆየ። ሁለቱም በሕይወት አሉ።

8. ባሏ ግንበኛ ነው። በወደቀች ማግሥት ሲሚንቶ በደረቀበት እጁ ወረቀቱን ይዞ መስኮቱ ላይ መጣ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለኝ።

አዎን አልኩት።

«ሲፈርሙ አይተውት ነው ወይስ ዝም ብለው ነው የሚፈርሙት?»

ስለ ሬዞሉሽን ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አልሰደበኝም። ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ላይ፣ ወደ ሚስቱ ወጣ። ጥቅምት 3 ቀን ማሽኑ የሰጣቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ገና ካልተደፋው የቆሻሻ ቅርጫት ለቅሜ አስተያየሁና የሆነውን ሁሉ በራሴ እጅ ጽፌ ለክፍሉ አስገባሁ። አሁን ክስ ሆኖ የተመለሰብኝ ያ ጽሑፍ ነው። ሌላ ማስረጃ የላቸውም፤ ዝም ብል ኖሮ ማሽኑ ጥፋተኛ እንደሆነ ይቀር ነበር።

9. የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊደሉ መነበብ አለመነበቡን ለማረጋገጥ ጥቅምት 18 ቀን በአካል መጥቷል። አመሰግናለሁ። አምስት ሰዎች አንድ ስክሪን ከበቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው «አራት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት» ብለው አነበቡ። ሠላሳ ስምንት ነበር። ይህንኑ ተናገርኩ። ጸሐፊዋ ወደ ሰብሳቢው አየች፤ ሰብሳቢው ወደ በሩ አዩ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «በኮሚቴው ፊት ያለ ችግር ተነቧል» የሚል ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ በሚቀጥለው ሳምንት ለምርመራ ደም ቢሰጡ ውጤታቸው የሚጻፈው በዚያው ስክሪን መሆኑን ያሰቡት አይመስለኝም።

10. ዓይኔን በዚሁ ሆስፒታል አስመርምሬያለሁ። ሐኪሟ የሰጠችኝ ማስረጃ ተያይዟል፦ በመነጽር ሁለቱም ዓይኖች ለዕድሜው ደህና ናቸው፤ በዚያ ርቀት ያንን የሚያክል ፊደል ቀኑን ሙሉ ማንበብ ግን ለማንኛውም ዓይን አይመከርም። ኮሚቴው ማስረጃውን አልተቀበለም። ምክንያቱም ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች «ያያል» እና «አያይም» ብቻ ናቸው፤ ሐኪሟ ደግሞ ሁለቱንም ሳትሞላ ዐረፍተ ነገር ጻፈች። ዐረፍተ ነገር ማንበብ የኮሚቴው ሥራ አይደለም ተባልኩ። ስክሪኑን ሲያነቡ ካየሁ በኋላ ይህን አምኛለሁ።

ስለዚህ የተከበረው ቦርድ፦

ሀ) የዝውውር ውሳኔውን እንዲሰርዝልኝ፤ ለስህተቴ የሚገባኝ ቅጣት ካለ ግን በስህተቴ ስም እንዲሰጠኝ እንጂ በዓይኔ ስም እንዳይሆን፤

ለ) አራቱም ሠራተኞች የፊደሉን መጠን ለየራሳቸው እንዲመርጡ እንዲፈቅድ፤

ሐ) ከመስከረም 8 ጀምሮ የወጡ ውጤቶች ሁሉ ከማሽኑ ማኅደር ጋር እንዲመሳከሩ፤ እኔ አንዱን አገኘሁ፤ ብቸኛው ነው ብሎ የሚምል ሰው ካለ ደፋር ነው፤

አጥብቄ እጠይቃለሁ። የኃላፊው ሪፖርት ይበላሻል የሚል ስጋት ካለ አርባም ከሃያ አራት ይበልጣል። ስልሳ ሰባት በመቶ ዕድገት ነው፤ ለአንድ ግድግዳ ይበቃል።

በመጨረሻ ቦርዱ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ይህን አሳውቃለሁ። ኃላፊው ኮሚቴው በመጣ ዕለት የመጠኑን ማስተካከያ ለማሳየት ፓስወርዱን በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ፣ በስድስት ሰው ፊት ጻፉት። የሆስፒታሉ ስልክ ቁጥር ነው። ዛሬ ጠዋት አራቱንም ስክሪኖች እንደየባለቤቶቻቸው ዓይን መልሼ አስተካክያለሁ፤ ባልደረቦቼ ቆመው ከማየት በቀር አልረዱኝም፤ ሊጠየቁበት አይገባም። ይህ ደብዳቤ እስኪመረመር ድረስም እንዲሁ ይቆያሉ። ስለዚህ የፊደሉን ነገር በተመለከተ ቦርዱ ምንም ማዘዝ አያስፈልገውም። ወደ ስልሳ አንድ ይመለስ የሚል ባለሥልጣን ካለ ግን ትእዛዙን በቃል እንዳይልክብኝ። በጽሑፍ አድርጎ፣ ማዕረጉን ጠቅሶ ይላክልኝ። መስኮቱ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ከእንግዲህ ለሚመጣው ባል እሱ መልስ ይስጥ።

ለቦርዱ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የላቦራቶሪ ውጤት ጽሕፈት ክፍል ሠራተኛ
እስከ ኅዳር 20

አባሪ፦ የዓይን ሐኪም ማስረጃ፣ አንድ ገጽ፤ የጥቅምት 3 ቀን የማሽን ቁራጭ ወረቀቶች፣ ሁለት