ከባዱ ካርድ

ቦትሮፕ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2024

ለምወድሽ ልጄ ለዶርቴ፣

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ወደ እርግቦቹ ቤት የሚያወጣውን መሰላል አሁንም ማንም ሳይደግፈኝ እወጣለሁ። ድንቼን ራሴ እልጣለሁ፣ ጢሜን በምላጭ እላጫለሁ፣ ምድር ቤቱን በየቅዳሜው እጠርጋለሁ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ አቤቱታ የለኝም። ይህን ያስቀደምኩት ወሬዬን ስታነቢ «ሽማግሌው ጃጅቶ ነው» እንዳትዪ ነው። ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ልቦናዬ ሙሉ ሆኖ ነው።

በእጅ ጽሕፈቴ አትሳቂ። ከዚህ ቤት የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ የምትጽፈው እናትሽ ነበረች፤ እኔ ከታች ስሜን ብቻ ነበር የማኖረው። ይህን ከጀመርኩ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። የእናትሽ መዝገበ ቃላት ክርኔ ሥር ተዘርግቷል፤ ቢሆንም ስሕተት አታጪበትም።

እርግቦቹ አሥራ ሁለት ቀርተዋል። ግራጫዋ፣ እናትሽ «ወይዘሮዋ» የምትላት፣ አሁንም ሌሎቹን ከገበታ ታባርራለች።

ወደ ነገሬ ልግባ፤ ባዞረውም አይቀልልኝም። እናትሽ ለልጅሽ ለፊንያ የቀዳችው ድምፅ ጠፍቷል። ሃያ ሦስቱም ተረት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ይህን ያህል ይገባሻል።

ሐኪሞቹ ጉሮሮዋን በቀዶ ሕክምና ሊከፍቱ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከዚያ ወዲያ ድምፅ እንደማይኖራት ሲነግሯት፣ እናትሽ አላለቀሰችም። ምድር ቤት ወርዳ ያንን በገዛ እጇ የገጣጠመችውን ሰርቨር አስነሳች፤ «ጎተራዬ» የምትለውን፣ የቤቱ ፎቶና ወረቀት ሁሉ የሚከማችበትን። ከዚያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ማይክሮፎን ይዛ ትቀመጥ ነበር። ለፊንያ ከዚያ ከወፍራሙ የተረት መጽሐፍ አነበበች፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ እንድትሰማው። ለእኔም ቀዳችልኝ። የልብስ ማጠቢያው ቁልፍ የቱ ምን እንደሆነ፣ ቀይ መስመር ያለበት ፖስታ የጡረታ፣ ሰማያዊው የጋዝ እንደሆነ። «ለመነጽርህ ነው» አለችኝ።

የመነጽሬን ነገር ታውቂዋለሽ። በየጠዋቱ ጋዜጣውን ጮክ ብላ ስታነብልኝ አንቺ «አባባ ሰንፎ ነው» ትይ ነበር፤ እሷ ደግሞ «መነጽሩ አልስማማው ብሎ ነው» ትልሽ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚስማማኝ መነጽር ጠፋ።

ከቀብሩ ማግስት ቅጂውን ልውሰድ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ የዚህ ቤት ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም አልኩሽ። ቅናት ነበር። ድምፅዋ ከተገለበጠ ለእኔ የሚጎድልብኝ መሰለኝ። አንቺም «እናቴን ብቻህን የቀበርካት ይመስልሃል?» ብለሽ ሻንጣሽን አነሳሽ። እኔ ደግሞ ከደጃፉ ላይ ሁለተኛ ስልክ እንዳትደውዪልኝ ተናገርኩ። ቃሌን አከበርሽ። በስልክ ፋንታ ጻፍሽ።

እንግዲህ በዚህ መኸር ከዲስኮቹ አንዱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ኑርጉል፣ የከሰል ጉድጓድ ጓደኛዬ የነፍሰ ኄር ዩክሰል ልጅ፣ የምስር ሾርባ ይዛልኝ መጥታ ሰማችው። የእሷ ሥራ ኮምፒውተር ስለሆነ ጆሮዋ ያውቃል። «አጎቴ፣ ይሄ ዲስክ እያቃሰተ ነው፤ ቀኑ ደርሷል» አለችኝ። ሌላ ዲስክ ላይ ሳይቀዳ እንዳይሞት። ግን ጎተራው ያለው አራት መሰኪያ ነው፤ አራቱም ተይዘዋል። አዲስ ዲስክ እንዲጨመር መጀመሪያ መሰኪያ የሚያበዛ ካርድ ይገባበታል። እሑድ መጥታ ልትሠራው ፈለገች። ራሴ አላንስም አልኳት። ኑርጉል ሥራ ላይ ሆና «እስቲ እዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብብልኝ» ማለት ልማዷ ነው፤ እኔ ደግሞ መነጽሬ ያው ነው።

በዚያው አንድ ነገር አሰብኩ። ሁለት ዲስክ ልገዛ፤ አንዱ ለቤቱ፣ አንዱ ለፊንያ። እዚያ በእናንተ አገር ትምህርት በየካቲት ይጀምራል አይደል? እንደ እኛ ልማድ ለትምህርት ጀማሪ ልጅ የሚሰጠውን የወረቀት ቀንድ ከረሜላና እርሳስ ሞልቼ፣ ከሥሩ የአያቷን ድምፅ አድርጌ ልልክላት። አንቺም ቀንዱን ስትፈቺው ታገኚዋለሽ። ይቅርታ ሳልልሽ ይቅርታ የምልበት መንገድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የፎስቤክ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አንዷ እንደ ብስኩት የቀጠነች፣ ሁለት መሰኪያ ብቻ ያላት። ሁለተኛው ስፋቱ ያው ሆኖ አሥር መሰኪያ ታጭቆበታል፤ እሱን ራሱ ፎስቤክ በጣቱ ወዲያ ገፋው። አሥር ሰው በአንድ ጠባብ በር እንደማስወጣት ነው፣ ሥራ ሲበዛ ይረጋገጣሉ አለ። ሦስተኛው ከአንድ ኩባንያ ማሽን የተነቀለ፣ ያገለገለ፣ የብረት ማቀዝቀዣ የተሸከመ፣ ስምንት ዲስክ የሚችል።

«ለእርስዎ ትንሿ ትበቃለች» አለኝ።

አነሳኋት። ክብደት የላትም። እኛ አካፋ ስንመርጥ በእጃችን መዝነን ነበር። ሦስተኛውን አነሳሁት፤ እሱ ዕቃ ነው። ደግሞስ «ለእርስዎ» ማለቱ ከነከነኝ። እንደዚህ በዓይኑ ለክቶ የልጅ ድርሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?

ፎስቤክ አባቱ እንደ እኔ ከሰል ቆፋሪ ነበርና በእኛው ቋንቋ ሊያስረዳኝ ሞከረ። «ጉድጓድ ስትወርዱ የነሐስ ቁጥራችሁን ለበር ጠባቂው ታሳዩ ነበር አይደል? ትንሿ በር ጠባቂ ናት። እያንዳንዱን ዲስክ በቁጥሩ ታሳልፋለች፣ የተሸከመውን አትነካበትም። ይሄ ከባዱ ግን በድሮ ሥራው አለቃ ነበር። ያገኘውን ዲስክ ሁሉ አንድ ቡድን አድርጎ ከባዶ ካላስጀመርኩ ይላል። ይተዉልኝ፣ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ለውጬ በር ጠባቂ ላድርገው፤ ሐሙስ ይወስዱታል።»

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከምድር በታች የሠራሁ ሰው አለቃ አያስፈራኝም አልኩት። ፈሪ ነጋዴም አልኩት፤ ሌላ ገዢ ፊት። አልተቆጣም። ወረቀት ቀዶ በትልልቁ ጻፈና እዚሁ እንዳነበው ለመነኝ። መነጽሬ ቤት ነው አልኩና ኪሴ ከተትኩት፤ ከባዱንም ከሁለት አዲስ ዲስክ ጋር ገዝቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካርዱን ሰካሁ። ገመዱን እጄ ያውቀዋል፤ ለእናትሽ መብራት የያዝኩላት እኔ ነኝ። ሁለቱን አዲሶች ከባዱ ላይ አሰርኩ። ከዚያ ቆም ብዬ አየሁት፤ አራቱ አሮጌዎች በአንድ በኩል፣ ሁለቱ አዲሶች በሌላ በኩል። ልቤ አልወደደውም። አንድ ቡድን በሁለት አለቃ አይወርድም፤ ይህ በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ሕግ ነው። አራቱንም ነቅዬ ከባዱ ላይ ሰካኋቸው።

ማሽኑን ሳስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ በእንግሊዝኛ። ቆሞ ይጠብቀኛል። እናትሽ እንዲህ ሲቆምባት ትልቁን ቁልፍ ነበር የምትጫነው። ተጫንኩት። ሌላ ጽሑፍ አመጣ፤ ተጫንኩት። ሦስተኛ ጊዜ ቀይ ሆኖ መጣ። ያን ጊዜ የፎስቤክ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ኑርጉልም ሦስት ቤት አልፋ ነበረች። ተጫንኩት።

መብራቶቹ ስድስቱም አንድ ላይ መርገብገብ ጀመሩ፤ አረንጓዴ፣ ደስ የሚሉ። እናትሽ እየተገለበጠች ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ረገበገቡ። በርጩማ አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ኳሱን በራዲዮ ሰማሁ፣ ድንች ጠበስኩ። እያፏጨሁ ነበር፤ ከሞተች ወዲህ አፏጭቼ አላውቅም። ዶርቴ፣ ያ ሁሉ መብራት ሲጠፋና ሲበራ እሷን እየጠረገ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እያፏጨሁ።

ከሥራ መልስ ኑርጉል ብቅ አለች፤ ድስቷን ልትወስድ። ስክሪኑን አየችና ድስቱን መሬት አስቀመጠችው።

«አጎቴ፣ ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«ሥራ ልጀምር ወይ ብሎ።»

«አነበብከው?»

መነጽሬን መጥረግ ጀመርኩ። አየችኝና ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች፤ ለማሽኑ ሳይሆን ለእኔ ብላ ነው። የዩክሰል ልጅ ናት፤ እሱም ሰው ሲያለቅስ መብራቱን ከራስ ቁሩ ላይ ያጠፋ ነበር።

ዲስኮቹን ኤሰን ከተማ ዲስክ ወደሚያክሙ ሰዎች ላከቻቸው። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። መልሱን ኑርጉል ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ በላያቸው ባዶ ተጽፎባቸዋል፣ የሚመለስ የለም። ለእኔ የቀዳችውም አብሮ ሄዷል። ልብስ በየትኛው ቁልፍ እንደማጥብ ስለረሳሁ ሸሚዞቼ ሁሉ ሮዝ ሆነዋል፤ እሷ ብትኖር ትስቅ ነበር።

የፎስቤክን ወረቀትም አወጣሁት። ሁለት መስመር ነው። «አሮጌ ዲስክ እዚህ ላይ አይሰኩ። ከጠየቀዎ እሺ አይበሉት።» ሁለት መስመር፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ኑርጉል ማክሰኞና ዓርብ እየመጣች ጋዜጣ አብረን እናያለን። ለምን እንደምትመጣ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። መነጽሩ እየተስማማኝ ነው።

በዚህ ምክንያት ደብዳቤዎችሽንም አነበብኳቸው። ሰባቱም በየተራ እንደመጡ በወጥ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ፖስታቸው ወፍራም ስለነበረ ስድብ መስለውኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ፣ ከእሑድ እስከ ረቡዕ የፈጀብኝ ላይ፣ «አባባ፣ በዚያን ቀን ለተናገርኩህ ይቅር በለኝ» ይላል። ያን ከጻፍሽ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ልጄ፣ መልስ ያላገኘሽው ስላልማርኩሽ አይደለም። ሳጥኑ ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ነው፤ እኔ ግን አልደረስኩበትም።

ነይ አልልሽም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጅሽም ትምህርት ልትጀምር ነው። የክፍልሽን ማሞቂያ የከፈትኩት ቧንቧው በውርጭ እንዳይፈነዳ ነው። አንሶላውንም የቀየርኩት አቧራ ስለጠጣ ነው።

እናትሽ የሆነ ቦታ በስልክሽ ላይ የተናገረችው ነገር ካለ፣ ስትቆጣሽም ቢሆን፣ አታጥፊው። ለእኔ ላኪልኝ አልልም። ብቻ ሦስት ቦታ አስቀምጪው።

ከምድር በላይም ከምድር በታችም እግርሽ አይሰናከል። የሄድሽበት ጉድጓድ ጣራው ይጽናልሽ፣ መውጫውም በጊዜ ይገኝልሽ። የፊንያን ግንባር ሳሚልኝ፤ በመነጽር የምታመካኝ አያድርጋት።

ማንም እንዲከፍልልኝ የማልሻው ዕዳ አለብኝ፤ ራሴ እዘጋዋለሁ። ፎስቤክን ሰው ፊት ፈሪ ብዬዋለሁ፤ ሰው ፊት ሄጄ ትንሿን ካርድ እገዛለሁ። የኑርጉልን ድስት ባዶውን አልመልስም፤ ቀይ ጎመን በፖም መሥራት እየተማርኩ ነው። በእናትሽ መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ያስቀረጽኩት «ያው ጥሩ ነው» ብዬ ነበር፤ በገና ሄጄ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። የአንቺ ሰባት ደብዳቤ ነው፤ ይህ አንዱ፣ ስድስት ይቀራል።

የፊንያ ደግሞ ሃያ ሦስት ተረት ነው። በዚህ እሽግ ውስጥ ያለውን የወረቀት ቀንድ ክፈቺው፤ ከከረሜላው ሥር ፍላሽ አለ። የመጀመሪያው ተረት ነው፣ ከዚያው ከእናትሽ መጽሐፍ፣ በእኔ ድምፅ። እሷ በአራት ደቂቃ የምትጨርሰው እኔን አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። አንድ ቅጂ እኔ ጋ፣ አንድ ኑርጉል ጋ አለ። ለልጅቷ ከማሰማትሽ በፊት ግን ብቻሽን ሆነሽ ስሚው። ስትሰሚው ማሽኑን ለምን ሦስት ጊዜ እሺ እንዳልኩት ይገባሻል።

ሃያ ሁለት ይቀረኛል።

አባትሽ
ሄሪበርት